የስፖርት ጀግኖችን በሐውልትና በስም ስለ ማስታወስ

በኢትዮጵያ ሰውን የማስታወስ ልማድ ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ሲፈጸም ኖሯል። አንደኛው ተዝካር ነው፤ ይኸውም ሟቹ ባረፈ በአርባ ቀን፥ በሰማንያ ቀን፥ በመንፈቅና በዓመት ቤተ ሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ የሚያደርገው ሲሆን፥ የሚታሰበውም ነፍሱ እንጂ ጀብዱው አይደለም። ሁለተኛው በሕይወት ሳለ የሚጀመረው የዝና መታሰቢያ ነው፤ ይህም በፉከራ፥ በቀረርቶና በፈረስ ስም ይገለጻል። ሐውልት የሚለው ቃል ራሱ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፥ በሰው መልክ የተቀረጸ ምስል በአደባባይ ማቆም፥ መንገድና ስታዲየምንም በሰው ስም መሰየም ከሁለቱም ልማዶች ያልተወለደ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት የገባ አሠራር ነው። እንግዲህ ከስፖርተኞች መካከል ይህ ክብር ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌው ልማድ የሚያከብረው ሥራውን ሲሆን አዲሱ የሚያከብረው ሰውየውን ነውና።

በጥንቱ ሥርዐት ጀግና የሚባል ሰው በጌታው ፊት ቀርቦ ግዳዩን ጥሎ ሲፎክር፥ የት ቦታ፥ በየትኛው ጦርነት፥ ማንን እንደ ጣለ ይናገር ነበር። የሚያውቁትም ሰዎች ቆመው ይሰሙት ስለ ነበር፥ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ለመዋረድ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ፉከራ ከጩኸቱና ከሽለላው በስተ ጀርባ የምስክርነት ሥርዐት አለው። የፈረስ ስምም እንደዚሁ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ሲባሉ፥ የሚጠራው ከፈረሱ ጀርባ ላይ የሚታየው ሰው እንጂ በቤቱ ያለው አይደለም። ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር ቃኘው ተብሎ የተሰየመውም ከዚሁ ልማድ ተወስዶ ነው።

በጨዋታ በኩል ሲታይ ግን ነገሩ ይለያል። በገና ጨዋታ ላይ ቤትና ታች ቤት ተከፋፍለው ሩሩን በዱላ ሲያሳድዱ፥ ያሸነፈው ወገን በግጥም የተሸነፈውን ይሰድበዋል፤ በዚያ ቀንም ጌታው በሎሌው ስድብ እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደዋል። ነገር ግን ሩሩን ያገባው ሰው ስም እስከ ሚቀጥለው ዓመት እንኳ አይዘልቅም፤ ድሉ የሰፈሩ ነው። በጉግስም የታወቁ ፈረሰኞች ቢኖሩ፥ ዝናቸው ከጦር ሜዳ ዝናቸው ተለይቶ አይነገርም። በአገው ምድር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዓሉ ዐድዋ ዘምተው ለወደቁ አርበኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው፤ ፈረሱ ከሰው እኩል ይታሰባል፥ መታሰቢያውም ድንጋይ ሳይሆን ግልቢያው ራሱ ነው። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር፥ ስፖርተኛን ለብቻው ነጥሎ በስሙ ማክበር በአገሩ ልማድ ውስጥ የተዘጋጀ ስፍራ ያልነበረው መሆኑ ነው። ስፍራውን የከፈተው አንድ ሰው ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግራቸው ማራቶንን ያሸነፉት ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸሙ። መጨረሻው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወስደው ካቆሙት ከአክሱም ሐውልት አጠገብ የሚያልፍ በመሆኑ፥ ሕዝቡ ድሉን የተረጐመው እንደ ሩጫ ብቻ አልነበረም። የክብር ዘበኛ ወታደር ስለ ነበሩም፥ ጀግና የሚለው የጦር ሜዳ ቃል ያለ ችግር ተስማማላቸው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፥ ትርፍ አንጀታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ ዳግመኛ አሸንፈው በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፉ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው ሲያርፉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በመንግሥት ሥርዐት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ተቀበሩ። በአዲስ አበባ ስታዲየም በስማቸው ተሰይሟል፤ በሮምም በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ግድግዳ ላይ የድሉን ኀምሳኛ ዓመት የሚያስታውስ ጽላት ተለጥፏል። ስለ እርሳቸው ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚል ክርክር ተነሥቶ አያውቅም ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ሥራው፥ ሰውየውና ዘመኑ አንድ ላይ ገጥመዋልና። ነገር ግን እንዲህ ያለ የተሟላ ጉዳይ መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ መለኪያ የሚፈተነው ነገሩ ባልገጠመበት ቦታ ነው።

በዚያው በሮም ሩጫ አበበ ዋቅጅራ የተባሉ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሰባተኛ ወጥተዋል። የሁለቱም አሠልጣኝ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። በዓለም ሰባተኛ መውጣት ከዚያ ቀን በፊት ለአገሩ ታላቅ ዝና በሆነ ነበር፤ የአንደኛው ብርሃን ግን ሰባተኛውን ሸፈነው። በመንገድ ስም ጉዳይ ይህ አያስገርምም፥ ለሁሉም የሚበቃ መንገድ የለምና። በታሪክ በኩል ግን ጉዳት አለው፤ አንድ ሰው ብቻ በሐውልት ሲቆም፥ ሩጫው ከሠፈሩ፥ ከአሠልጣኙና ከባልንጀሮቹ ተነቅሎ የአንድ ሰው ተአምር ይመስላልና። የገና ጨዋታ ልማድ በዚህ ረገድ ከሐውልቱ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው።

የእግር ኳሱ ነገር ይህን ይበልጥ ይገልጸዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ቡድን የተባበረችውን የዐረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፥ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው የታዋቂው ባለቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ ከተጫዋችነት ተነሥተው ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል፥ በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ላይ ያደረጉትም ተጋድሎ በአህጉሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በአንዳንድ የውጭ አገር መዝገቦች የአዲስ አበባው ስታዲየም በስማቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም ስታዲየም ብቻ ብሎ ይጠራዋል። ያው ስፍራ ዋንጫው በተወሰደበት ቀን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነበር። የቦታ ስም በመንግሥት ሲሰጥ በመንግሥት መለወጡ የማይቀር መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአሥመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። በዚያ ቀን ከአራቱ ግቦች አንዱን እርሳቸው፥ አንዱን ደግሞ ወንድማቸው ኢታሎ አስቈጥረዋል። በአብዮቱ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደው በዚያው ኖሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። የአገሩን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ በአምበልነት የተቀበለ ሰው የማን የአካባቢ ጀግና ነው? የአሥመራ ነው ቢባል ዋንጫው የኢትዮጵያ ነው፤ የአዲስ አበባ ነው ቢባል ሰውየው በሕይወቱ መጨረሻ የኖረው በሮም ነው። በትውልድ፥ በመኖሪያ ወይም በዜግነት የሚለካ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በሥራው የሚለካ ግን አይሰናከልም፤ ጨዋታው የተደረገበት ሜዳ የታወቀ ነው፥ ቀኑም የታወቀ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሻምበል ማሞ ወልዴ ጉዳይ ነው። ማሞ በቃኘው ጦር ኮርያ የዘመቱ፥ በ1949 ዓ.ም. አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ላይ የሮጡ ናቸው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ ከሩጫው ሲወጡ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸንፈው ሦስተኛውን ተከታታይ ድል ለአገራቸው አስገኙ፤ በዚያው ሳምንት በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ወጥተው ነበር። በሙኒክም በ40 ዓመታቸው ማራቶንን ሦስተኛ ሆነው ፈጽመዋል። ከዚህ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን በተፈጸመ የአንድ ወጣት ግድያ ተከሰው፥ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስረው፥ ክሱን እንደ ካዱ በጥር 1994 ዓ.ም. የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ፍርዱን በእስር የፈጸሙት ስለ ሆነ ተለቀቁ፤ ግንቦት 18 ቀን በዚያው ዓመት ዐረፉ፥ አበበም ባረፉበት በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበሩ።

ስለ ማሞ ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው የሜክሲኮው ድል የሚከተለውን ሁሉ ይሸፍናል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ፍርዱ ድሉን ይሰርዛል ይላል። ሁለቱም መነሻቸው አንድ ነው፤ መታሰቢያ የሚቆመው ለሙሉው ሰው ነው ብለው ያስባሉ። የመጀመሪያው አስተያየት በሟቹ ወጣት ቤተ ሰብ ላይ የሚያደርሰው በደል ቀላል አይደለም፤ ልጁ የተገደለበት ሰው ሐውልቱን እያየ በጎዳናው እንዲያልፍ ያስገድዳልና። ሁለተኛውም ያልተደረገ ነገር እንደ ተደረገ ማስመሰል ነው፤ ሩጫው ተሮጧል፥ ምስክሩም መላው ዓለም ነው። በጥንቱ የፉከራ ሥርዐት ቢታይ ችግሩ ይቀላል፤ ፎካሪው የሚመሰከርለት በተናገረው ሥራ ብቻ ሲሆን፥ ያ ምስክርነት በሌላ ጉዳይ ከዳኛ ፊት ከመቆም አያድነውም ነበር። ስለዚህ ለማሞ የሚስማማው መታሰቢያ ቀኑን፥ ስፍራውንና ሰዓቱን የሚናገር ጽሑፍ ነው፤ ከፍ ባለ መሠረት ላይ የቆመ ምስል ግን ጽሑፉ የማይለውን ይጨምራል። ይህ ለድሉ ማነስ አይደለም፥ ለሁለቱም እውነት ስፍራ መተው ነው።

በሕይወት ላሉ ሰዎች ስም መስጠት ደግሞ በቅርብ ጊዜ የበዛ ነገር ነው። በአዲስ አበባ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና አለ፤ በአሰላ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛው በጥሩነሽ ዲባባ ስም ይጠራል፤ በአቃቂ ቃሊቲም ጥሩነሽ ቤጂንግ የተባለ ሆስፒታል አለ። ይህ የመጨረሻው ስም ሊስተዋል ይገባዋል። ቤጂንግ ጥሩነሽ በ2000 ዓ.ም. በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ጊዜ ያሸነፉባት ከተማ ስትሆን፥ ሆስፒታሉን የሠራው መንግሥት ዋና ከተማም ናት። ሰጪዎቹ ያሰቡት የትኛውንም ይሁን፥ በአደባባይ ከቆሙት ስሞች መካከል ሰውንና የሠራበትን ቦታ አጣምሮ የያዘ፥ ከፈረስ ስም ልማድ ጋር የሚቀራረብ ይኸው ነው።

ጥሩነሽ የተወለዱት በአርሲ በበቆጂ ወረዳ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፥ ፋጡማ ሮባና ቀነኒሳ በቀለም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ሲያሸንፉ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች መካከል የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙ የመጀመሪያዋ ነበሩ፤ ፋጡማም በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። የሁለቱ ሥራ በክብደት አይበላለጥም፤ የፋጡማ ስም ግን ከደራርቱ እጅግ ባነሰ ይነሣል። ይህም የሆነው ደራርቱ ከድሉ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአደባባይ ስለ ኖሩ ይመስላል። ዝና እንግዲህ ከሥራ ብቻ አይመጣም፤ በመታየትም ይመጣል። መታሰቢያ የሚመርጥ ሸንጎ ዝናን ብቻ ከተከተለ፥ ቀድሞ የታሰበውን መልሶ ከማሰብ በቀር ሌላ የሚሠራው ሥራ የለም። በበቆጂ ብዙዎቹን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑት መምህር ስንታየሁ እሸቱ መሆናቸውም ሲታሰብ፥ በዚያች ከተማ አንድ ምስል ለማቆም ከመነሣት በፊት ሩጫውን ማን ማን እንደ ሠራው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚረዳው ነገር የጽሑፍ መዝገብ ብቻ አይደለም። የውድድር ሰዓትና ደረጃ በመዝገብ ይገኛል፤ በጃን ሜዳ የሠራዊቱ ሩጫ እንዴት ይደረግ እንደ ነበር፥ በየሠፈሩ የትኛው ስም በቅድሚያ እንደ ተነሣ፥ በበቆጂ ሜዳ ልጆቹ እነማንን እየተከተሉ እንደ ሮጡ ግን የሚገኘው ከሰው አፍ ነው። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫው ሲወሰድ በአሥር ዓመቱ ስታዲየም ገብቶ ያየ ልጅ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በሮም ድል ዋዜማ በክብር ዘበኛ ውስጥ ያገለግል የነበረ ወታደር ከቆየም በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየትውልድ አካባቢያቸው እነዚህን ሰዎች ፈልገው ቃላቸውን ቢጽፉ፥ ሐውልት ለማቆም የሚያስፈልገው ድንጋይ ከዚያ በኋላም በማናቸውም ጊዜ ይገኛል።