የታሸገ የቪዲዮ ጨዋታ እውነተኛነቱ እንዴት ይታወቃል?

በጁላይ ወር 2021 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካን አገር ሄሪቴጅ በሚባለው ጨረታ ቤት አንድ «ሱፐር ማሪዮ 64» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ በ1,560,000 ዶላር ተሸጠ። ይህን የሚሰማ ሰው ዕቃው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ጨዋታው በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከ11 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው። ብርቅ የሆነው ጨዋታው ሳይሆን፥ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም ሳይከፍተው መቆየቱ ነው። እንግዲህ ገዢው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው፥ በውነቱ፥ ሣጥኑን ለሸፈነው ስስ ፕላስቲክ ነው ማለት ይቻላል።

አታላዮችም ይህን ያውቃሉ። ያገለገለ ካሴት በርካሽ ገዝቶ፥ ሣጥኑን ወልውሎ፥ አዲስ ፕላስቲክ አልብሶ በትኩስ አየር ማኮማተር ብዙ ድካም የለውም። ቅቤ ገዢ በጣቱ ነክቶ፥ አሽትቶና ቀምሶ ይገዛል፤ የታሸገ ጨዋታ ግን ልቅመሰው ብለው የከፈቱት እንደ ሆነ ዋጋው በዚያው ይሞታል። ስለዚህ መርማሪው ከውጭ እያየ በውስጡ ላይ መፍረድ አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የፕላስቲኩ መጋጠሚያ ነው። ኒንተንዶ በ1985 ዓ.ም. በኒውዮርክ መሸጥ የጀመረውን መጫወቻ እንውሰድ። የዚህ መጫወቻ ካሴቶች በፕላስቲክ ሲታሸጉ፥ በሣጥኑ ጀርባ ላይ አንድ መጋጠሚያ በአግድም ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፤ ከግራና ከቀኝ ጎን መጋጠሚያዎች ጋር ሲገናኝም የላቲኑን «ኤች» ፊደል ይመስላል። በሱቅ ማሸጊያ መሣሪያ እንደ ገና የታሸገው ግን ብዙውን ጊዜ ጀርባው ልሙጥ ሆኖ መጋጠሚያው በጠርዙ ዙሪያ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ይህን ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። ፋብሪካዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት መሣሪያ አላሸጉም፤ ጀርባ ላይ የሚያልፈውንም መጋጠሚያ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ይልቁንም የሚያስገርመው፥ በ1985 ዓ.ም. የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ጭራሹን ፕላስቲክ አልነበራቸውም፤ መክፈቻቸው በትንሽ ክብ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ይዘጋ ነበር። በ2019 ዓ.ም. በ100,150 ዶላር የተሸጠው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» እንዲሁ ያለ ነው። ጀማሪ ሰብሳቢ ቢያየው «ፕላስቲክ የለውም፤ ስለዚህ ተከፍቷል» ብሎ ባለፈው ነበር።

ቀጥሎ ሣጥኑንና ሽፋኑን ማነጻጸር ነው። የሣጥኑ ማዕዘን ተጨፍልቆ ሳለ በላዩ ያለው ፕላስቲክ ምንም ሳይሆን ቢገኝ፥ ወይም የሱቅ ዋጋ ወረቀት ከፕላስቲኩ በታች ተለጥፎ ቢታይ፥ ሽፋኑ ከሣጥኑ በኋላ የመጣ መሆኑን ያስጠረጥራል። እንዲህ ያለው ሁሉ ግን የሌባ ሥራ አይደለም፤ ደንበኛ የመለሰውን ዕቃ በቅንነት እንደ ገና አሽገው የሸጡ ሱቆች ነበሩ። ለሰብሳቢው ግን ዋጋው ያው ይወርዳል።

ሣጥኑ ራሱ የተቀዳ እንደ ሆነስ? እዚህ ላይ ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል። አባቶቻችን የማርትሬዛን ብር ሲቀበሉ በሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቆጥሩ ነበር ይባላል፤ የዛሬውም መርማሪ የቀለም ነጠብጣቦችን ያያል። በማተሚያ ቤት የታተመው ሥዕል ከአራት ቀለማት ነጠብጣቦች በሥርዓት የተቀነባበረ ሲሆን፥ ጥቋቁር ፊደሎቹ ግን ጠርዛቸው የጠራና ሙሉ ናቸው። ከሌላ ሣጥን በፎቶ የተቀዳ እንደ ሆነ ፊደሎቹም ጭምር በነጠብጣብ ይሞላሉ፤ ጠርዛቸውም ይደበዝዛል።

በአሜሪካን አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ የወር ደመወዙን በሚያህል ገንዘብ አንድ እሽግ ለመግዛት አስቦ፥ ሻጩን የጀርባውን ፎቶግራፍ ቢጠይቀው ሦስት ጊዜ የፊቱን ብቻ ላከለት። ሳይገዛ ቀረ፤ እኔም ደግ አደረገ እላለሁ። ነገሩ ጀማሪዎችን ብቻ የሚያጠቃም አይደለም። በ2022 ዓ.ም. የጥንት የኮምፒዩተር ጨዋታ ሰብሳቢዎች፥ ለዓመታት በመካከላቸው ሲዘዋወሩ ከነበሩት ውድ ዕቃዎች ብዙዎቹ የሐሰት መሆናቸውን አስታወቁ፤ የዋጋቸውም ድምር ከ100,000 ዶላር በላይ ነበር። የተታለሉት ደግሞ ሌላውን የሚያስተምሩ አዋቂዎች ነበሩ።

አንዳንዶች በሚዛን እንመዝነው ይላሉ። እኔ ግን በሚዛን ብዙም አልተማመንም። በኒንተንዶ ሣጥን ውስጥ ካሴቱ ስለሚያጥር ከሥሩ የፎም ቁራጭ ይገባል፤ ያገለገለ ካሴትም ቢገባበት ክብደቱ ያው ነው። እንዲያውም «ጃይሮማይት» ከተባለው ጨዋታ የመጀመሪያ ካሴቶች አንዳንዶቹ የጃፓኑን ሰሌዳ ከነማስማሚያው ስለ ያዙ ከሌሎቹ ይከብዳሉ፤ ሚዛን አምኖ የሚፈርድ ሰው እውነተኛውን ሐሰት ይለዋል።

ዛሬ ይህን ምርመራ በክፍያ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። ዕቃውን መርምረው ከ10 ነጥብ ይሰጡትና በጠንካራ ግልጽ ሣጥን ይዘጉታል፤ ከላይ ያነሣነው «ሱፐር ማሪዮ 64» ዋታ ከተባለው ኩባንያ 9.8 አግኝቶ ነበር። ቢሆንም ቅሉ የኩባንያው ምስክርነት የሰው ዓይን ፍርድ ነው፤ ገዢው በግልጹ ሣጥን በኩል መጋጠሚያውን በራሱ ዓይን ማየት፥ በላዩ የተጻፈውንም ቁጥር ከኩባንያው መዝገብ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።