ሸክሙን የተጋሩ



ከሁለት ወር ጾምና ከሰሙነ ሕማማት ስግደት በኋላ የምሥራቹ ደወል ሲሰማ በጎጃም ደጋ የሚገኝ ክርስቲያናዊ ቤት ሁሉ ይደምቃል። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ የተጣላ ታርቆ፣ የራቀ ተጠርቶ፣ ዘመድ ከዘመዱ ጋር «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይባባላል። ነገር ግን በዚሁ ዕለት በአንዳንዱ ቤት ከመጋረጃው በስተጀርባ ለመቀመጥ እንኳ ዐቅም ያጣ ሕመምተኛ ተኝቶአል። ከራስጌው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዐይኗን ያልከደነች ሚስት፣ እናት ወይም ሴት ልጅ አለች። ለእነዚህ ቤተ ሰቦች ትንሣኤ ምን ዐይነት በዓል ነው? የዛሬው ጽሑፋችን በነቀርሳ፣ ማለትም በካንሰር በሽታ የተያዙ ወገኖቻችንንና አስታማሚዎቻቸውን የሚመለከት ነው።

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ስሟን ያገኘችው በወንጌላዊው በቅዱስ ማርቆስ ስም ከተተከለው ደብር ነው። ይህ ወንጌላዊ ስለ ሕመምተኛና ስለ ደጋፊው የሚነግረን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በምዕራፍ 2 የሚገኘው የቅፍርናሆሙ ሽባ ታሪክ ነው። ሕመምተኛውን ተሸክመው የመጡት ሰዎች አራት እንደ ነበሩ ቍጥራቸውን የገለጠልን ማርቆስ ነው። መግቢያው በሕዝብ ብዛት ቢዘጋባቸው ጣራውን ነድለው አልጋውን አወረዱ፤ ጌታም የእነርሱን እምነት ተመለከተ። ሁለተኛው በምዕራፍ 15 የምናገኘው የቀሬናው ስምዖን ነው። ስምዖን ከገጠር ሲመጣ በመንገድ ተይዞ የጌታን መስቀል እንዲሸከም ተገደደ። ማርቆስ ከሌሎቹ ወንጌላውያን ተለይቶ የስምዖንን ልጆች፣ አሌክስንድሮስንና ሩፎስን፣ በስማቸው ይጠቅሳል። ስምዖን ስቅለቱን አላስቀረም፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ሸክሙን ተጋርቶአል። የማስታመም ትርጉሙ በዚህ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል ብንል ከእውነት አንርቅም። በሽታውን ማንሣት በማይቻልበት ጊዜ እንኳ ሸክሙን መጋራት ይቻላልና።

እንደሚታወቀው በአገራችን በሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ናቸው። አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚደርሱትም በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምትኖርን አንዲት እናት በኅሊናችን እናስብ። በጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ስለማያማት ችላ ትለዋለች፤ እያደገ ሲሄድም ለባለቤቷ ለመንገር ታፍራለች። ውሎ አድሮ ሲቈስል ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ትላካለች። ለኬሞቴራፒ መድኃኒት 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ባሕር ዳር፣ ወይም የዓባይን በረሃ ተሻግራ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርባት ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር ወረፋው ወራትን ይወስድ ነበር። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች አገልግሎቱ መጀመሩ የሚያስመሰግን ቢሆንም ለጎጃም ገበሬ መንገዱ ያው ሩቅ ነው።

መድኃኒቱም በአንድ ቀን ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ይደጋገማል። በየቀጠሮው መሳፈሪያ፣ ማደሪያና ምግብ ያስፈልጋል። በመሆኑም በሬው ይሸጣል፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ሴት ልጅ እናቷን ለማስታመም ትምህርቷን ታቋርጣለች። በክልሉ በተከሠተው የጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ቀጠሮ ያለፈባቸው ሕሙማን ጭንቀት ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለቤተ ሰቡ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። የቀረውን በሬ ሸጦ እንደ ገና መንገድ መጀመር ነው? ወይስ በቤት ማስታመም? ሐኪሞች ከበሽታው ለመዳን ተስፋ አለ ካሉ መሄዱ ተገቢ ነው፤ ማኅበረ ሰቡም ሊረዳ ይገባዋል። በሽታው የማይድን ደረጃ ላይ ደርሶአል ከተባለ ግን ሕመምተኛውን ወደ ቤት መመለስ ከቶ እንደ መተው ሊቈጠር አይገባም። «ከእንግዲህ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። የማስታገሻና የድጋፍ ሕክምና፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ፓሊየቲቭ ኬር የተባለው ሙያ፣ የተመሠረተው ይህንን አነጋገር በመቃወም ነው።

የሙያው ሐሳብ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ለድውያን፣ ለድኾችና ለእንግዶች መጠለያና ሕክምና የሚገኝበት ሰፊ ሠፈር ማቋቋሙ በታሪክ የታወቀ ነው። በዘመናችን ደግሞ እንግሊዛዊቷ ዶክተር ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን አቋቁመዋል። እርሳቸው የሕመምተኛ ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም ጭምር መሆኑን አስተምረዋል። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካም ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በዩጋንዳ ሆስፒስ አፍሪካን መሥርተው፣ በዋጋው ርካሽ የሆነ የሚጠጣ ሞርፊን ለድኻው ሕመምተኛ እቤቱ ድረስ እንዲደርስ ጥረዋል።

በአገራችንም በጎ ጅማሮዎች አሉ። በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ነርሶችን ወደ ሕሙማን ቤት እየላከ ያስታምማል፤ የጤና ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል። በደም ካንሰር ባረፈው ሕፃን በማቲዎስ ወንዱ ስም በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍላተ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ችግረኞች ማረፊያና ምግብ ያቀርባል። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ደግሞ ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናትና ይዘዋቸው የመጡትን ወላጆች ያስጠልላል። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተ ሰብ ስለ እነዚህ ድርጅቶች አስቀድሞ የሆስፒታሉን ባለሙያዎች ቢጠይቅ በየበረንዳው ከማደር ይድናል።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያሳስበው ነገር እንለፍ። አንዳንድ ምእመናን ጌታ ሊሰቀል ሲል ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን ጠጅ አለመቀበሉን በማስታወስ፣ ሕመምን ያለ ማስታገሻ መቀበል ጽድቅ ነው ይላሉ። ነገር ግን እርሱ ስለ ዓለሙ ሁሉ በፈቃዱ የተቀበለው መከራ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ነው። በሌላው ሰው ሕመም ላይ እንድንጨክን የተሰጠ ሕግ አይደለም። ራሱ ጌታ በምሳሌ ያመሰገነው በቍስለኛው ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን ያሰረውን ሳምራዊ ነው። ቅዱሳት አንስትም በትንሣኤ ማለዳ ወደ መቃብሩ የገሠገሡት ሽቱ ይዘው ነበር።

ስለ ሞርፊን ያለውም ፍርሃት ከዚህ ጋር ይያያዛል። መድኃኒቱን ሐኪም በመጠኑ አዝዞ ሲከታተለው ለጽኑ የካንሰር ሕመም ተገቢ ማስታገሻ ነው፤ የሚሰጠውም ሕመሙ እስኪበረታ ተጠብቆ ሳይሆን ሰዓቱ ተጠብቆ ነው። የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል ለዚያም የሚሆን መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። ሕመሙ ሲታገሥለት ሕመምተኛው እንቅልፍ ያገኛል፤ ይጸልያል፤ ልጆቹን ይባርካል፤ ቍርባኑን በሰከነ ልብ ይቀበላል። ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ጠበልንና መድኃኒትን ማጣላትም አይገባም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ማስተማራቸው የሚታወስ ነው፤ ለካንሰርም መንገዱ ይኸው ነው። ጠበሉን እየተጠመቁ ቀጠሮን ማክበር ይቻላል። ጾምንም በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ስለምታዝን፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ዐቅሙን የሚጠብቅለትን ምግብ ቢመገብ ነውር የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እውነቱን መናገር ነው። በባህላችን የበሽታው ስም ከሕመምተኛው ይሸሸጋል፤ ጎረቤትም «ያ ክፉ በሽታ» እያለ በሹክሹክታ ያወራል። ዐላማው ርኅራኄ ቢሆንም ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ከአስታማሚዎቹ ፊት ላይ ያነበዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም እያወቀ ሁሉም ብቻውን ይሆናል። ሊያውቅ የሚሻ ሰው በዝግታ፣ በሚወደው ሰው አፍ፣ የንስሐ አባቱ ባሉበት ቢነገረው ኑዛዜውን ያስተካክላል፤ የተቀየመውን ይቅር ይላል፤ ምስጢረ ቀንዲልም ይፈጸምለታል። ቀንዲል ቀድሞ የሚሰጥ የሞት ፍትሐት አይደለም፤ የሕያዋን ሕሙማን ምስጢር ነው። ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን ለፍትሐት ከመጠራታቸው አስቀድሞ ለጥየቃ ቢደርሱ መልካም ነው።

አስታማሚ የሚለው ቃላችን ከሕመም የወጣ ነው፤ አስታማሚ የሕመሙ ተካፋይ ናት። ተካፋይ እንደ መሆኗም ራሷ እርዳታ ያሻታል። መነሣት ያልቻለ ሕመምተኛ እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፤ አፉ በጨው ውኃ ቢጠራ ይታገሥለታል፤ ቍስሉ ሽታ ካመጣ ሐኪም ሽታውን የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላል። ሽታው ጠያቂን ስለሚያርቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን ሁሉ አንዲት ሴት ቀንና ሌሊት ብቻዋን ልትፈጽመው አትችልም።

እዚህ ላይ ዕድሮቻችን ሊታሰቡ ይገባል። አንድ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ለቀስተኛው ከአራቱም ማዕዘን ይጎርፋል። ሰውየው ስድስት ወር ተኝቶ ሲማቅቅ ግን ዕድሩ ደንቡ ስለማይፈቅድ ዝም ይላል። ለሞተ የሚደርስ ወገን በሕይወት ላለ ስለ ምን ይዘገያል? በኤች አይ ቪ ዘመን በአዲስ አበባ አያሌ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳት ጀምረው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም። ከመዋጮው ጥቂቱ ለቀጠሮ መሳፈሪያ ቢመደብ፣ የሕመምተኛው እርሻ በወንፈልና በደቦ ቢታረስ፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባላት በተራ አንድ አንድ ሌሊት ቢያድሩላት ያቺ አስታማሚ ዐረፍ ትላለች፤ ልጅቱም ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች። የቅፍርናሆሙን ሽባ የተሸከሙት አራት ነበሩ፤ አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ከጣራው ላይ ባልደረሰ ነበር።

እግረ መንገዳችንንም እናቶችንና እኅቶችን አደራ እንላለን። በጡት ላይ እብጠት ወይም ያልተለመደ ደም ሲታይ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች እየተሰጠ ያለው የማሕፀን ጫፍ ካንሰር መከላከያ ክትባትም ሊናቅ አይገባም።

በዚህ በዓል የቁርሱ ሳሕን ከመነሣቱ በፊት በጎረቤት የተኛ ሕመምተኛ መኖር አለመኖሩን እንጠይቅ። ካለም ዳቦውን ይዘን እንሂድ፤ ጥቂት ተቀምጠንም አስታማሚዋን «አንቺ ዕረፊ፣ እኛ አለን» እንበላት። ሞትን በሞቱ የሻረ አምላክ ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለአስታማሚዎች ብርታትን፣ ለአገራችን ሰላምን ይስጥልን። አሜን።