ሁለት መቅዘፊያ ያላት ጀልባ

ልጆች ሆይ፤ በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በአንድ ወገን ብቻ ቢቀዝፍ ታንኳው ይዞርበታል፤ ስለዚህ ቀኝና ግራ ያፈራርቃል።

በሬዲዮ የምትታዘዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ጀልባም እንዲሁ ናት። ከኋላዋ ሁለት ተሽከርካሪ መቅዘፊያዎች አሏት፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ቢዞሩ ከመንገዷ ያስታሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፥ ሁለተኛው ወደ ግራ ቢዞር ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

አንድ ሞተር በሁለት ጥርሳም መንኰራኵሮች ሁለቱን ሊያዞር ይችላል፤ ነገር ግን እርሱ ሲቆም ሁለቱም ይቆማሉ። ሞተሩ ሁለት ቢሆን አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ወደ ዳር ሊያደርሳት ይችላል።

የአብርሃ ጅራ ልጅ ሆይ፤ ጀልባህ በክረምት ውኃ መካከል ብትቆም ተከትለህ አትግባ። ብልህ ሰው መመለሻውን ሳያስብ ከዳር አይነሣምና።