መደርደሪያዎን ራስዎ ሲቀቡ

በዓል በመጣ ቁጥር ቤት ማደስ የቆየ ልማዳችን ነው። ግድግዳው ይቀባል፣ መጋረጃው ይታጠባል፤ ከግድግዳው በተረፈችው ቀለም ደግሞ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ይለቀለቃል። በማግሥቱ ብርጭቆና ሳህኑ ይደረደርበታል። ከሳምንት በኋላ እመቤቲቱ ብርጭቆውን ሊያነሡ ሲሉ ቀለሙ ከብርጭቆው ሥር ተጣብቆ ይነሣል። ከዚህ በኋላ የሚታማው ሻጩ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሻጩ አይደለም። ግድግዳ ሸክም የለበትም፤ መደርደሪያ ግን ሌት ተቀን ዕቃ ተሸክሞ ይኖራል። ለግድግዳ የተሠራው የውሃ ቀለም ከደረቀም በኋላ ለስለስ ብሎ ስለሚቀር፣ ከባድ ዕቃ ሲጫነው መልሶ ይጣበቃል። ለመደርደሪያ የሚስማማው ለእንጨት ተብሎ የሚሸጠው የዘይት ቀለም ነው። አንድ ሊትር ለአንድ ጊዜ ቅብ ወደ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚያዳርስ፣ ለአንድ የቤት መደርደሪያ ትንሹ ጣሳ ይበቃል።

የብርጭቆ ወረቀት ከማንሣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ የቀድሞው ቅብ የስንት ዓመት ነው? ቀለም ቶሎ እንዲደርቅና እንዲደምቅ ሲባል እርሳስ ይጨመርበት ነበር። እርሳስ ስንል መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን ብረት ማለታችን ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የተወሰነው በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ፣ በተለይም ደማቅ ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ እርሳስ አለበት ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ይህን ቅብ በደረቁ ሲፍቁት አቧራው ወለሉ ላይ ያርፋል። የሚድኸው ሕፃን እጁን ከወለሉ አንሥቶ ወደ አፉ ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ጉዳቱም በአእምሮ ዕድገት ላይ ነው፤ ልጁ ሳያስለው፣ ሳያተኩሰው የትምህርት ችሎታው ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ከሆኑም ወደ ጽንሱ ይደርሳል።

እንግዲህ አሮጌው ቅብ ያልተላጠ ከሆነ አይፋቁት። በሳሙና ውሃ አጥበው፣ ውሃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ብቻ አሸት ያድርጉት። ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፉ፤ ልጆች ወደዚያ አይጠጉ። ሲጨርሱ በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አይጥረጉ። የለበሱትንም ልብስ ከልጆቹ ልብስ ጋር አያጥቡ። በየቦታው ተልጦ የሚረግፍ ከሆነ ግን፣ እኔን ቢጠይቁኝ ሳንቃውን መለወጥ ይሻላል። የወለቀውን ሳንቃ ደግሞ አደራ፣ ለማገዶ አያድርጉት! ምድጃ ውስጥ ሲገባ እርሳሱ ከጭሱና ከአመዱ ጋር ይወጣል።

አዲስ ሳንቃ ሲሆን ሥራው ይቀላል። የጽድ እንጨት ከሆነ ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ ሙጫ ስላለው፣ ሳይሸፈን ከተቀባ ከወራት በኋላ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ጉጡን ጎማላካ ሁለት ጊዜ ይቀቡት። ቀዳዳና ስንጥቁን በስቱኮ ይድፈኑ፤ ሲደርቅ በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎም በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እንደ እንጨቱ መሥመር ይፈግፍጉት። በወጥ ቤት የቆየ መደርደሪያ ከሆነ ከመፈግፈግ በፊት የወጡን ቅባት በደንብ ማጠብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን እንጨቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቅባት ደግሞ ቀለም አይዝም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው መሠረት ቅብ ይከተላል።

አሁን ወደ ብሩሹ እንምጣ። ቀለሙን በአሮጌ ናይለን ካልሲ አጥልለው ወደ ሌላ ትንሽ ጣሳ ይገልብጡ። ብሩሹን ከጸጉሩ ሲሶውን ብቻ ይንከሩ። ከእንጨቱ መሥመር ጋር ቀብተው በመጨረሻ በባዶ ብሩሽ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ያለሳልሱ፤ ከዚያ እጅዎን ያንሡ። ያልተስተካከለች ቦታ አይተው ከአሥር ደቂቃ በኋላ መመለስ የብዙዎቻችን ፈተና ነው፤ ግማሹ የደረቀ ቀለም ብሩሽ ሲነካው ይቦጫጨቃል። ጉድለቱን ለሚቀጥለው ቅብ ይተዉት። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይበልጣል፤ ወፍራሙ ጠርዙ ላይ እንባ ይሠራል፣ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። በሁለቱ ቅቦች መካከል 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ በ220 ቁጥር ለዘብ አድርገው አሽተው አቧራውን ይጥረጉ።

ሳንቃው ከግድግዳ የሚነቀል ከሆነ ሥሩን አስቀድመው ይቀቡ፤ ሲደርቅም ገልብጠው ጥርሳቸው ወደ ላይ በሆነ አራት ቆርኪዎች ላይ ያስቀምጡት፤ ያን ጊዜ ላዩንና ጠርዙን ያለ ችግር ያዳርሳሉ። ጠራራ ፀሐይ ላይ አይቀቡ፤ ቀለሙ ሳይለሰልስ ይደርቃል፣ አረፋም ያወጣል። መስኮት ይክፈቱ። ከሰልም ሆነ ቡታጋዝ በአጠገቡ አይለኮስ፤ የቀለሙና የማቅጠኛው ትነት እሳት ይስባል።

ሲነኩት መድረቅና መጠንከር ግን ይለያያሉ። የዘይት ቀለም በማግሥቱ እጅ ባይዝም ሸክም ለመቻል አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የውሃ ቀለም ደግሞ እስከ አንድ ወር። ማይታየው ጥግ ላይ በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ይበሉ፤ ምልክት ከተወ ገና ነው። ለእንቁጣጣሽ የሚቀቡ እናቶች በተለይ ይህን ያስቡ፤ በክረምቱ እርጥበት ማድረቂያው ጊዜ ይረዝማልና ሥራውን በጳጉሜን ሳይሆን በነሐሴ መጀመሪያ፣ ዝናብ ባልያዘው ረፋድ ቢጀምሩት ሳህኑ በበዓሉ ቀን በቦታው ይሆናል። እስከዚያው ዕቃውን በካርቶን ያቆዩት፤ ጋዜጣ አንጥፈው ቢደረድሩበት ጋዜጣው ራሱ ይጣበቃል።