ከሐውልቱ እስከ ሆስፒታሉ፦ የወታደር ውለታ በናይሮቢ ከተማ

ወደ ናይሮቢ ለሥራም ሆነ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው በመሃል ከተማው በኬንያታ ጎዳና ሲያልፍ ከነሐስ የተሠሩ ሦስት ሰዎች ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ቆመው ያያል። ከእነርሱ መካከል አንዱ የጦር ስንቅ ተሸካሚ ነው። ሐውልቱ የቆመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፈው ለተዋጉትና ላገለገሉት አፍሪካውያን መታሰቢያ ነው። በላዩ የተቀረጸውን የእንግሊዝኛ ቃል የጻፈው ስመ ጥሩው ደራሲ ራድያርድ ኪፕሊንግ ነው። የቃሉም ፍሬ ነገር ለአገሩ የተዋጋ ሰው ቢሞት እንኳ ልጆቹ ስሙን አይረሱትም የሚል ነው።

ይህን ቃል ባሰብን ጊዜ አንድ ጥያቄ በልባችን ተነሣ። ስሙ በመዝገብ ያልተጻፈ ሰው በምን ይታወሳል? ቆስሎና ታሞ የተመለሰውንስ ማን ያስታምመዋል? ሐውልት የሞተውን ያስታውሳል፤ በሕይወት የተረፈው ግን አልጋና መድኃኒት ያሻዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የናይሮቢን ታሪክ ምሳሌ አድርገን የቀድሞ ወታደር ሕክምና በምን ላይ እንደሚቆም ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት፥ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሜዳ መንገድ የሌለው፥ የጭነት ከብቶችን የሚፈጅ የቆላ ዝንብ የሞላበት አገር ነበር። ከብቱ ስላለቀም የጥይቱና የምግቡ ሸክም በሰው ራስና ጫንቃ ላይ ወደቀ። ለዚሁ ሥራ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተመለመሉ፤ ብዙዎቹም የመጡት ተገደው ነው። በናይሮቢ ይሰፍሩበት የነበረው ስፍራ ዛሬ ካሪዮኮር የሚባለው የገበያ ሰፈር ነው። ስሙም የተሸካሚዎቹ ጓድ የእንግሊዝኛ መጠሪያ በሕዝብ አነጋገር ተለውጦ የቀረ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው በሽታ እንጂ የጠላት ጥይት አልነበረም። ያልለመዱትን የበቆሎ ዱቄት በሚገባ ሳይበስል ይበሉ ስለ ነበር ተቅማጥ ጨረሳቸው። ወባና የሳንባ በሽታም ብዙዎችን ወሰደ። ሲሞቱም የብዙዎቹ ስምና የትውልድ መንደር በትክክል የተያዘ ስላልነበረ፥ ሳይከፈል የቀረው የብዙዎቹ ደመወዝ ለቤተ ሰዎቻቸው ሳይደርስ ቀረ። የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ዘገባ፥ በዚያ ጦርነት ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000 የሚሆኑ፥ በተለይም የምሥራቅ አፍሪካና የግብጽ ሰዎች፥ በስማቸው ሳይታሰቡ፥ ምናልባትም ጨርሶ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን ገልጿል። ቁጥሩ እስከ 350,000 ሊደርስ እንደሚችልም ዘገባው አመልክቷል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናይሮቢ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ጠቅላይ ሰፈርና የቁስለኞች መታከሚያ ማዕከል ሆነች። ይህ ነገር እኛንም በቀጥታ ይነካናል። በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በሶማልያ በኩል አልፎ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 6 ቀን 1941 ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከአንድ ወር በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። በዚያ ዘመቻ ከአርበኞቻችን ድካም ጋር የኬንያ፥ የኡጋንዳና የታንጋኒካ ወታደሮችም ደም አለበት። ከከተማው ወጣ ብሎ በንጎንግ መንገድ ያለው የጦር መቃብር ለዚያ ዘመን ምስክር ነው። ነገር ግን ጦርነቱ አብቅቶ ወታደሩ ሲሰናበት ለአፍሪካዊው የተሰጠው የመሰናበቻ ገንዘብ በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ከሚተካከለው ነጭ ወታደር ገንዘብ እስከ ሦስት እጥፍ ያነሰ እንደ ነበረ በ2019 በይፋ የተገለጹ የጥንት ሰነዶች አስረድተዋል።

አሁን ወደ ዛሬው ዘመን እንመለስ። ከመሃል ከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ በምባጋቲ መንገድ የኬንያ የመከላከያ ኃይሎች መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል። ስሙ መታሰቢያ ቢሆንም ሥራው ለሕያዋን ነው፤ በሥራ ላይ ያሉትን ወታደሮች፥ በጡረታ የተገለሉትንና ቤተ ሰዎቻቸውን ያክማል። የኬንያ ጦር በጥቅምት ወር 2011 ወደ ሶማልያ ከዘመተ ወዲህ ሸክሙ ከብዷል። በጥር ወር 2016 በኤል አዴ ጦር ሰፈር ላይ ከባድ አደጋ በደረሰ ጊዜ ቁስለኞቹ በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ተወስደው በዚሁ ሆስፒታል ታክመዋል። በ2022 ደግሞ የቀድሞ ወታደሮችን ጥቅም በሥርዓት የሚወስን ሕግ በኬንያ ወጥቷል።

የቀድሞ ወታደር ሕክምና ከሌላው ሕክምና በምን ይለያል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልዩነቱ በዘመኑ ርዝመት ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚያልቅ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በየጊዜው ሊለወጥለት ይገባል። በሰውነት ውስጥ የቀረ የብረት ስባሪ ከብዙ ዓመት በኋላ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። የመድፍና የጠመንጃ ድምፅ የጎዳው ጆሮ በእርጅና ጊዜ ይብስበታል። ከሁሉም በላይ በሌሊት እየባነነ የሚነሣ፥ በቀን በጥቂቱ የሚቆጣ፥ ከሰው የሚሸሽ ሰው አለ። ይህን ቤተ ሰቡ እንደ ክፉ ጠባይ ይቈጥርበታል፤ ሐኪም ግን ጦርነት በአእምሮ ላይ የተወው ቁስል መሆኑን ያውቃል። የዚህን ሕመም ክብደት ከሐኪሙ ይልቅ የምትሸከመው ሚስቱ ናት፤ ልጆቹም ይካፈሉታል። ስለዚህ የወታደር ሆስፒታል ጉዳይ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው።

ከናይሮቢው ጋር የሚተያይ ምሳሌ በአገራችንም አለ። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ ሌሎችም ሻለቃዎች በየተራ ተከተሉት። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፥ በ2004፥ አንድ የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባ ሕዝቡ የኮሪያ ሆስፒታል የሚለውን ሐኪም ቤት ከፈተ። በዚያም ሆስፒታል የኮሪያ ዘማቾች ያለ ክፍያ እንዲታከሙ ተደረገ። ዘማቹ ወጣት ሆኖ የሰጠውን ሽማግሌ ሆኖ ተቀበለ ማለት ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ባለ ውለታው ስላልረሳ ብቻ አይደለም፤ የዘማቹ ስም በመዝገብ ስለ ተገኘም ነው።

እንግዲህ በካሪዮኮሩ ተሸካሚና በቃኘው ዘማች መካከል ያለውን ልዩነት እናስተውል። ሁለቱም በሌላ አገር ጦርነት ደክመዋል። አንደኛው ስሙ ሳይጻፍ ስለ ቀረ ደመወዙ እንኳ ቤቱ አልደረሰም፤ ሁለተኛው ስሙ ስለ ተጻፈ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሐኪም ቤት በር ተከፈተለት። ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የወታደሩን ስም፥ የአባቱን ስም፥ የትውልድ ቀበሌውንና የቆሰለበትን ቀን በጥንቃቄ የሚጽፍ ሹም ወይም ጸሐፊ የሕክምናውን ሥራ ከሐኪሙ ቀድሞ ጀምሮታል።

ለቤተ ሰቦችም የምናስታውሰው ነገር አለ። የመሰናበቻውን ወረቀትና የቆሰለ ጊዜ ሐኪም የጻፈውን ማስረጃ ከእርጥበትና ከእሳት ጠብቁ፤ ግልባጩንም በሌላ ስፍራ አስቀምጡ። አባት ሲያረጅ ያ ወረቀት የት እንዳለ ልጆቹ ይወቁ። በሌሊት የሚባንነውንም አትንቀፉት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት እንጂ።

በኬንያታ ጎዳና የቆሙት የነሐስ ሰዎች አይራቡም፥ አይታመሙም። በምባጋቲ መንገድ ተራውን እየጠበቀ የተቀመጠው ሽማግሌ ወታደር ግን ዛሬ ስሙ እስኪጠራ ያዳምጣል።