ስምንት ባይት የሆነው ምስል

3 ሜጋባይት የሚሆን የፒኤንጂ ምስል ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀመጥን እንበል። መጠኑን የሚለካ ፈንክሽን በሲ ጽፈን ስንጠራው «8» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ምስሉ ምንም አልሆነም፤ ስህተቱ ከአለካካችን ነው።

ተረት፦ ባይናሪ ዳታ ያው ረጅም ጽሑፍ ነው።

እውነታ፦ ሲ አንድ ጽሑፍ አለቀ የሚለው ዜሮ ባይት ሲያጋጥመው ነው። የፒኤንጂ ፋይል በ8 ባይት መለያ ይጀምራል፤ 9ኛው ባይት ዜሮ ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ርዝመት የሚለካው የሲ ፈንክሽን፣ ስትርሌን፣ ቆጥሮ ቆጥሮ እዚያ ላይ ያቆማል። ፖስትግሬስ «ባይትኤ» በሚለው ዓይነት ግን ርዝመቱ የሚታወቀው ከመጨረሻው ሳይሆን ከፊት ከተጻፈው ራስጌ ነው። ራስጌውም ቢሆን ሁልጊዜ 4 ባይት አይደለም፤ አጭር ዳታ ሲቀመጥ 1 ባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። «አራት ቀንሼ አገኘዋለሁ» ማለት የሚያስተው ለዚህ ነው። ርዝመቱን ፖስትግሬስ ራሱ ባዘጋጃቸው ማክሮዎች መጠየቅ ይገባል።

ተረት፦ በሲ ከተጻፈ ይፈጥናል።

እውነታ፦ ፍጥነቱ በሚነበበው ዳታ መጠንም ይወሰናል። የሠንጠረዡ ረድፍ ከ2 ኪሎባይት ገደማ ሲያልፍ ፖስትግሬስ ዳታውን ለመጭመቅ ይሞክራል፤ አሁንም ከበዛ ቆራርጦ ቶስት በሚባል ሌላ ሠንጠረዥ ያኖረዋል። ፈንክሽኑ ሙሉውን ከጠየቀ ቁርጥራጩ ሁሉ ተሰብስቦ ሜሞሪ ላይ ይወጣል። የምንፈልገው የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች ብቻ ከሆነ 3 ሜጋባይቱን ሁሉ ማስጎተት ምን ይባላል? ቁራጩን ብቻ መጠየቅ ይቻላል፤ ዓምዱ ያለ መጭመቅ እንዲቀመጥ ከተደረገ ደግሞ የሚነበበው የሚያስፈልገው ክፍል ብቻ ነው።

ተረት፦ የተቀበልኩትን ዳታ እዚያው ባስተካክለው ችግር የለውም።

እውነታ፦ ፈንክሽኑ የሚቀበለው ፖይንተር (የዳታው አድራሻ) በቀጥታ የዳታቤዙን ገጽ ሊያመለክት ስለሚችል የተቀመጠው ዳታ ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ይቀዳ።

ተረት፦ ኮዴ ቢሳሳት የሚወድቀው የእኔ ጥያቄ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የሲ ፈንክሽን የሚሠራው በሰርቨሩ ሂደት ውስጥ ነው። ያልተፈቀደ ሜሞሪ ነክቶ ያንን ሂደት ከገደለው፣ ፖስትግሬስ የጋራ ሜሞሪው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ የሌሎቹንም ተጠቃሚዎች ግንኙነት ያቋርጣል፤ ከዚያም ዳታውን ከለውጦች መዝገቡ መልሶ ያስተካክላል። በሲ ፈንክሽን መፍጠር ለዋናው አስተዳዳሪ ብቻ የተፈቀደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።