የልጆቻችን የባዮሎጂ ደብተርና የቤታችን ወባ



ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ወባ የሚበረታበት ወቅት ይገባል። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቶችም ይከፈታሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስንቱ ልጅ ለፈተና ሸምድዶ ያልፋል፤ እናቱ ግን ስለ ደምና ስለ ጉበት ከተማረው አንዲት ቃል አትሰማም። ይህ ያሳዝነናል። ልጁ በደብተሩ የያዘው ቤተሰቡን ከሞት የሚያተርፍ እውቀት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ አንርሳ።

ለመሆኑ ደብተሩ ምን ይላል? የወባ ትንኝ ስትነክስ ተህዋሱ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉበት ይገባል። እዚያ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሲራባ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ቀጥሎ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይገባና እንደገና ተባዝቶ፣ በ48 ሰዓት ገደማ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል። የሚያንቀጠቅጠው ብርድና ትኩሳቱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቻችን "አንድ ቀን እየዘለለ ይነሳብኛል" የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሳያዩ አውቀውታል።

አሁን ወደ ቤታችን ልማድ እንምጣ። ኮአርተም በቀን 2 ጊዜ ለ3 ቀን፣ በድምሩ 6 ጊዜ ይወሰዳል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቅ "ለሌላው ልጅ ይሆናል" ተብሎ የቀረው ኪኒን ሳጥን ይገባል። ትኩሳቱ ለቀቀ ማለት ግን ደሙ ጠራ ማለት አይደለም፤ የተረፉት ጥቂት ተህዋሶች በየ48 ሰዓቱ ይባዛሉ። መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር የበለጠ ወደ ደም ስለሚገባ ወተት ቢጠጣበት መልካም ነው። ረመዳን ከሆነስ? ለታመመ ሰው ማፍጠር ተፈቅዷል፤ ሲድን ቀዷውን ያወጣል።

ሌላም አለ። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ቶሎ የሚገድለው ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አዲስ ትንኝ ሳትነክስ ይነሳል። ጉበት ውስጥ የተኛውን ኮአርተም አይነካውም። ለእርሱ ሐኪም ፕሪማኪን ለ14 ቀን ያዛል፤ ነፍሰ ጡር ግን አትወስደውም፤ ማንም ከጎረቤት ተቀብሎ አይዋጠው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ተማሪውን ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በደሙ የታየው የትኛው ወባ እንደሆነ ይጠይቅላችሁ።